«ዋናው ጥለቱ ነው» ያለው አስመጪ ይመልስልን

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ ትናንት ማታ አንድ ልብስ አስመጪ በቴሌቪዥን ቀርቦ በማሽን የታተመውን «የሐበሻ ቀሚስ» ሲከላከል «ዋናው ጥለቱ ነው፤ በእጅ ይሠራ በማሽን ማን ያየዋል?» አለ። እኔ አየዋለሁ! አባቴ ከጋሞዋ ጨንቻ መጥቶ ዕድሜውን እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያ ሲወረውር የጨረሰ ሸማኔ ነው። የታተመውን ገልብጣችሁ እዩት፤ ጀርባው የደበዘዘ ነው።

ማርታ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ለሦስት ሴት ልጆች ለጥምቀት የሽመና ቀሚስ ልግዛ ብል የወር ደመወዜ አይበቃም። የታተመውን ለብሰው ታቦት ቢሸኙ ባህል አፈረሱ ልትላቸው ነው?

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ እህቴ፣ አንቺን መች ነካሁ? ርካሽ ልብስ ይሽጥ። «ጥበብ» ብሎ አይሽጠው ነው የምለው።

ተሟጋቹ፦ «የእጅ ሥራ» የምትሉት ምኑ ነው? ዛሬ የአብዛኛው ሸማ ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው፣ የፋብሪካ ክር ነው። ድሮም ሸማኔዎቻችን ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ተርትረው በክሩ ጥለት ያወጡ ነበር። የፋብሪካውን ጨርቅ አቡጀዲዱንም አያቶቻችን ለብሰውታል። ሰውዬው ልክ ነው፤ ዋናው ጥለቱ ነው።

የፈታይ ልጅ፦ «ተርትረው» ያልከውን ልያዝ። ተርትረው ምን አደረጉት? መልሰው ሸመኑት! ጥለት ድሩን እየቆጠሩ በማግ፣ በአግድም በሚገባው ክር፣ የሚያስገቡት ነገር ነው፤ አንድ ክር ከተሳተ መስመሩ ይዛነፋል። ደግሞ ሁላችሁም ሸማኔ ሸማኔ ትላላችሁ፤ ፈታይዋስ? ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት የምትፈትለው እናቴ ናት። ድሩ የፋብሪካ ቢሆን ማጉ ከእሷ እጅ ነው የሚወጣው። የታተመው ሲገባ ቀድሞ ገበያ የሚያጣው የእሷ ፈትል ነው።

ጎንደሬ፦ ሽመና በተነሳ ቁጥር ጨንቻና ዶርዜ ብቻ አይጠራ። ጎንደር ላይ ሙስሊሞቹና ቤተ እስራኤሎች ስንት ዘመን ሸምነዋል። የኮንሶስ ቡሉኮ?

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ «ብቻ» ማን አለ? የአባቴን አወራሁ። በሸማኔነቱ «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ የተሰደበውም እሱ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አውጀዋል፤ እኔ ግን ስድቡን ትምህርት ቤት ሰምቼ ነው ያደግሁት።

ጎንደሬ፦ ስድቡ የእኛም ነበር እኮ። ቤተ እስራኤሉ ርስት ተከልክሎ ነው በእጁ ሥራ የኖረው። ታሪኩ ሲነገር ሙሉውን ይነገር።

ተሟጋቹ፦ ሙሉው ይነገር ካላችሁ፣ ከጋሞ ደጋ እያመጡ ቀን ከሌት የሚያሸምኗቸውን ሕፃናትም ንገሩን። ማሽን ያንን ቢያስቀር ምን ከፋ?

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ እውነት ነው፣ ያማል። ከእኔ ጋር ያደጉ አሉበት፤ ያመጧቸውም ሰዎች ይጠየቁ። ግን የነጠላ ዋጋ ሲሰበር ለአዋቂ የሚከፈል ይጠፋል፤ የልጅ ጉልበት የሚፈለገው ያኔ ነው። የሰበረው ማነው?

ማርታ፦ ጋናዎች የሽመና ጨርቃቸውን ኬንቴን በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ላይ አስመዝግበዋል። እኛስ ጥለቱን ብናስመዘግብ?

ተሟጋቹ፦ አስመዝግበውም የታተመ ኬንቴ በየገበያው ይሸጣል። ጥለት የሁላችንም ነው፤ ባለቤት የለውም።

የፈታይ ልጅ፦ ቅድም «ዋናው» ነበር፤ አሁን ባለቤት የለውም? ዋናው እሱ ከሆነ አስመጪው ከማን ወሰደው? ያወጣው ሸማኔ ስንት ተከፈለው?

ተሟጋቹ፦ እሱ የንግድ ጥያቄ ነው፤ እኛ የምናወራው ስለ ባህል ነው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ አባቴ የሸመነው ለመሸጥ ነው። ቤት ኪራይ የከፈለውም በዚያው ነው።