የአያቴ አያት ምኔ ነው?

ሚሚ ከቨርጂኒያ፦
ሰላም ቤቶች፣ እርዳታ ፈልጌ ነው። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤቷ የቤተሰብ ሐረግ ሠርታችሁ ኑ ብሏቸው ከነመጠሪያው እየሞላን ነው። እስከ አያት ቀላል ነበር። የአያት አባት ቅድመ አያት ነው፣ እሺ፣ የሱ አባትስ? ደግሞ ልጅቷ "ቅድመ አያቶቻችን" ሲባል ሰምታ "ስንት ናቸው? ስማቸው ማነው?" ብላ አፋጠጠችኝ። ቃሉ የታወቀ ሰው ነው ወይስ ድሮ የሞተ ሁሉ?

የቡሬው፦
ሁለቱም ነው እህቴ። "ቅድመ አያቴ" ካልሽ ተቆጥሮ የሚታወቅ ሰው ነው፣ የአያትሽ አባት ወይ እናት። "ቅድመ አያቶቻችን በዓድዋ" ሲባል ግን ማንም አይቆጥርም፣ በ1888 የዘመተው የአያትህ አያት ይሁን የጎረቤትህ ዘመድ ለውጥ የለውም። ከቅድመ አያት ቀጥሎ ያለው ምንጅላት ይባላል። ምንዥላት የሚልም አለ። ቅማያት ካሉሽ ደግሞ አትደናገጪ፣ ቅድመ አያት ራሱ ነው፣ አፍ አሳጥሮት።

እቴቴ፦
ልጄ፣ ከምንጅላት በላይ እኛ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ ሲባል ሰምተናል፣ ግን የትኛው እንደሚቀድም ሽማግሌ ከሽማግሌ ይከራከርበታል። ለአራተኛ ክፍል ምንጅላት ይበቃታል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና፣ በወሬ መሃል "ምንጅላቴ" የሚል ሰው ስንቴ ሰምታችኋል? "የአያቴ አያት" ነው የሚባለው፣ ያው እኮ ነው።

ቢኒ፦
አበውን ረሳችሁት።

እቴቴ፦
አበው ሌላ ነው ቢኒ። የግእዝ ነው፣ አብ ሲበዛ አበው። አንድን ሰው "አበዌ" አትለውም። "አበው ሲተርቱ" ካለህ ተረት ሊያመጣ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ከሰማኸው ደግሞ ቅዱሳን አባቶችን ነው። "አበዎች" ብሎ የሚጽፍ አለ፣ እሱማ የበዛውን እንደገና ማብዛት ነው፣ እኔን ያበግነኛል።

የቡሬው፦
አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ዘር መቁጠር ለወግ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በትውልድ ነው፣ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አቅኚ አባት ድረስ ቆጥረህ መድረስ አለብህ፣ ካልደረስክ ድርሻ ብለህ አትሟገትም። በአባትም በእናትም መቁጠር ይቻል ስለነበር ሰው የሴት አያቶቹንም አጥብቆ ይይዝ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ሁሉ ቆጠራ ሥራ ፈታ። አባቴ አሥራ ምናምን ስም ይወርድ ነበር፣ እኔ አምስት ላይ እቆማለሁ።

ከነታንያ፣ እስራኤል፦
እኛ ቤተ እስራኤሎች ጋ ሥራ አልፈታም። ልጅ ሲታጭ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ ከዚያ በታች ከተገናኙ ጋብቻው የለም። የአጎቴ ልጅ በፍቅር ከርሞ ከርሞ አንዲት አሮጊት "ቆይ፣ የናትህ አያት እገሌ አይደለም እንዴ?" አሉት፣ አለቀ።

ቢኒ፦
አማራውም እኮ ሰባት ቤት ይላል፣ የሚቆጥርለት ሰው ካገኘ።

ሚሚ ከቨርጂኒያ፦
ተባረኩ። ሌላ ጣጣ አለኝ። እዚህ የልጄ ላስት ኔም የባሌ አያት ስም ነው። አስተማሪዋ ዛፉ ላይ ያሉት ሁሉ ለምን አንድ ስም የላቸውም ብላ ጠየቀች።

የቡሬው፦
አገር ቤት ፎርም ላይ "የአያት ስም" የሚለው የሰውየው የአያቱ ስም ነው፣ የቤተሰብ ስም አይደለም። በየትውልዱ አንድ ይጨመራል፣ አንድ ይወርዳል። ከልጅሽ ስም በታች "ይሄ የቅድመ አያቷ ስም ነው" ብለሽ ጻፊበት፣ ይገባታል።

ሚሚ ከቨርጂኒያ፦
ዛሬ እማዬ ጋ ደሴ ደወልኩ። የወንዶቹን እስከ ምንጅላት በአንድ ትንፋሽ ወረደችልኝ። የሴቶቹን ስጠይቃት ዝም። ከአያቷ እናት ላይ ሲደርስ "እሜቴ ነበር የምንላት" አለች፣ በቃ። ቆይታ መልሳ ደወለች፣ ተዝካሯ ላይ ቄሱ ሲጠሩ የሰማችው የክርስትና ስሟ ትዝ ብሏት፣ ወለተ ማርያም። ሳጥኑ ውስጥ እሱን ጻፍን።