አማካሪዬ «ሕጉ የት አለ?» ብለው መለሱልኝ፦ የመድኃኒት ንጽጽር በአካባቢ ሕግ ጥናት ውስጥ እንዴት ይገባል?

ጠያቂዋ (የሕግ ተማሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎችን የፈጀውን የዲክሎፌናክን ጉዳይ ነው። ለማያውቀው በአጭሩ፦ ዲክሎፌናክ የሕመምና የእብጠት ማስታገሻ ነው። መድኃኒቱን የተወጋ ከብት ብዙም ሳይቆይ ከሞተ፣ በድኑን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፤ ዩሪክ አሲድም በሆድ ዕቃው ላይ እንደ ነጭ ዱቄት ይጋገራል። ይህ የታወቀው በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፓኪስታን ውስጥ በተካሄደ ምርምር ነው። በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይውል ከለከሉ፤ ሜሎክሲካም የተባለው ተተካ።

ንድፈ ጥናቴን «የሁለቱ መድኃኒቶች ንጽጽርና የሕጉ ሚና» በሚል ርዕስ አቀረብኩ። አማካሪዬ «ግማሹ ፋርማሲ ነው፣ ግማሹ ታሪክ ነው፤ ሕጉ የት አለ?» ብለው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የመድኃኒት ጥናቶቹን ሳነብ ሰንጠረዥ ላይ ስደርስ እዘላለሁ። አስተካክዬ የማቀርብበት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረኝ። ከየት ልጀምር?

የእንስሳት ሐኪም

እህቴ፣ መጀመሪያ «ንጽጽር» የምትዪውን ለሁለት ክፈዪው። አንደኛው ንጽጽር፣ የታመመችውን ላም የትኛው መድኃኒት ይረዳታል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የላሚቱን በድን የሚበላውን ወፍ የትኛው ይገድለዋል የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ እንስሳ፣ የተለያየ መጠን፣ የተለያየ መለኪያ አላቸው። በአንድ ሰንጠረዥ ከጨመርሻቸው ምኑም አይገባሽም። «ምትክ» የሚባለው ሁለቱንም ፈተና ያለፈ ብቻ ነው፤ ወፉን የማይገድል፣ ላሟን ግን የማያድን መድኃኒት ገበሬው አይገዛውም፣ ተመልሶ ወደ ዲክሎፌናክ ይሄዳል።

ኪቶፕሮፌንን ተመልከቺ። ከብት ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ጥንብ አንሳ ላይ ሲሞከር ግን ከበድን በሚገኘው መጠን ገዳይ ሆኖ ተገኘ። አሲክሎፌናክ ደግሞ ይብሳል፤ ላሟ አካል ውስጥ ገብቶ ራሱ ወደ ዲክሎፌናክ ይለወጣል። ስሙን ለውጦ የተመለሰ ያው መርዝ ነው። ይህ ታሪክ ለእኔ ለሐኪሙ የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው፤ ለአንቺ ግን የሕግ ጉዳይ ይመስለኛል።

አንድ አንባቢ

ሁለት ሳምንት ካለሽ ርዕሱን ለውጪ። ያላነበብሽውን ሰንጠረዥ ፈታኝ ፊት ልትከላከዪው አትችዪም።

ጠያቂዋ

ርዕሱን አልለውጥም፤ ሰንጠረዦቹን ግን ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አንድ ጥናት «መድኃኒቱ ከተሰጣቸው ወፎች አንድም አልሞተም» ካለ፣ ደኅንነቱን ለማስረዳት ይህ አይበቃም?

የስታቲስቲክስ መምህር

አይበቃም። ስንት ወፍ እንደተሞከረ መጀመሪያ እዪ። ቀላል ስሌት አለ፦ ከተሞከሩት አንድም ካልሞተ፣ 3ን ለተሞከሩት ብዛት አካፍዪ። የምታገኚው፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት እውነተኛው የሞት መጠን ከዚያ አይበልጥም ለማለት የሚያስችልሽ ጣሪያ ነው። 20 ወፎች ተሞክረው ሁሉም ቢተርፉ፣ 3 ለ20 ሲካፈል 15 በመቶ ነው። ማለትም ከመቶ አሥራ አምስት ወፍ የሚገድል መድኃኒት ያንን ሙከራ በሰላም ሊያልፍ ይችላል። ጣሪያውን ወደ 1 በመቶ ለማውረድ 300 ወፍ ያስፈልጋል፤ ሊጠፋ ከተቃረበ ዝርያ 300 ወፍ ማን ይሰጥሻል?

ለዚህ ነው ሜሎክሲካምን የመረመሩት ሰዎች በሙከራ ብቻ ያልተወሰኑት። በአራዊት ማቆያዎችና በወፍ ሐኪሞች ዘንድ የተመዘገበውን አሰባሰቡ፤ 60 ያህል ዝርያ የሆኑ ከ700 በላይ ወፎች መድኃኒቱን ወስደው በእርሱ የሞተ አልተመዘገበም። ሌላው ሊገርምሽ የሚገባ ቁጥር፦ ለጥንብ አንሳዎቹ ማሽቆልቆል ከ100 በድን አንድ እንኳ መመረዝ አላስፈለገም፣ ከዚያም ያነሰ በቂ ነበር። ምክንያቱም በአንድ በድን ላይ መንጋው በሙሉ ነው የሚሰፍረው። «ትንሽ አደጋ» የሚለውን ቃል ሕግ ጽሑፍ ውስጥ ስታገኚ ይህን አስቢ።

ጠበቃ

አማካሪሽ ልክ ናቸው፤ ግን ሕጉ አለ፣ አንቺ ነሽ ያላየሽው። የሕግ ጥያቄው «የትኛው መድኃኒት ይሻላል» አይደለም። ጥያቄው፦ አንድ መድኃኒት ገበያ ሲገባ ጎጂ አለመሆኑን አምራቹ ነው የሚያስረዳው ወይስ ጎጂ መሆኑን ሌላ ሰው? ዲክሎፌናክ ላይ ሸክሙ የወደቀው በወፎቹ ወገን ነበር። ማስረጃው ሲሟላ፣ በሕንድ ነጭ ጀርባው ጥንብ አንሳ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከ1,000 አንዱ ብቻ ነው የቀረው። አገሮች ስለ አካባቢና ልማት የተስማሙበት የ1992ቱ የሪዮ መግለጫ 15ኛ መርህ ደግሞ፣ ከባድ ጉዳት ሲያሰጋ የሳይንስ እርግጠኝነት አለመሟላቱ እርምጃን ለማዘግየት ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። የጥንቃቄ መርህ የምንለው ይህ ነው። ወረቀት ላይ ነበር፤ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም።

አሁን ንጽጽሩን ከመድኃኒት ወደ ሕግ አዙሪው። ሕንድ ዲክሎፌናክን ከከለከለች በኋላ፣ ስፔን በ2013 ያንኑ መድኃኒት ለእንስሳት ፈቀደች። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2014 ለጥንብ አንሳዎች አደጋ እንዳለው ደመደመ፤ መድኃኒቱ ግን ከገበያ አልወጣም። አንድ ሞለኪውል፣ አንድ ማስረጃ፣ ሁለት ውሳኔ። ይህን ማብራራት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው።

የፍርድ ውሳኔም አለልሽ። እገዳው ከወጣ በኋላ ለሰው የተሠራው ትልቁ ብልቃጥ ወደ ከብት ሕክምና ይሾልክ ነበር። ሕንድ በ2015 የሰውን መርፌ በ3 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ብቻ እንዲሸጥ ወሰነች፤ ለአንድ ላም ብዙ ብልቃጥ መክፈት ስለሚያስፈልግ አያዋጣም። አምራቾች በማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከራክረው በ2017 ተረቱ። ውሳኔውን ፈልገሽ ሙሉውን አንብቢ። ኪቶፕሮፌንና አሲክሎፌናክ በሕንድ የታገዱት በ2023 ነው። ሕጉ መርዙን አንድ በአንድ ነው ያሳደደው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዲሱ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ «ሕንድና ስፔን ለእንስሳት የሚውል ዲክሎፌናክን ለመከልከል ወይም ለመፍቀድ ምን ዓይነት ማስረጃ ጠየቁ? ከማንስ?» ሁለቱን የመድኃኒት ንጽጽሮች ለየብቻ በአንድ ምዕራፍ አሳጥሬ አስገባቸዋለሁ። ሰንጠረዦቹንም አነበብኳቸው፤ የፈራሁትን ያህል አይደሉም።

ጠበቃ

ጥሩ ነው። አንድ እርማት ብቻ፦ በመጀመሪያ ጽሑፍሽ «በ2006 ከለከሉ» ብለሻል። በሕንድ የ2006ቱ ትእዛዝ የማምረት ፈቃድን የሚመለከት ነበር፤ ሽያጩን ጭምር የከለከለው ማስታወቂያ በመንግሥት ጋዜጣ የወጣው በ2008 ነው። ፈታኝ የሚይዝሽ እዚህ ጋ ነው።