ደብረ ብርሃን ፔንሲዮን ግቢ ውስጥ የመኪና ቻርጀር ብንተክል ያዋጣል?

ባለግቢው፦
ሰላም ለቤቱ። አባባ ደብረ ብርሃን አስፋልት ዳር ፔንሲዮን አላቸው፣ ግቢው ሰፊ ነው። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የሚያድር እንግዳ በዝቷል፣ ማታ ማታ በመስኮት ኤክስቴንሽን አውጡልን ይላሉ፣ ባለፈው አንድ ክፍል ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሮ አገኘነው አባባም ቤቴን ሊያነዱት ነው ብለው ከለከሉ። እኔ ግን አንዴ 60 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ተክዬ ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ እንደከፈተው በቴሌብር እያስከፈልኩ ብሰራስ እያልኩ ነው፣ ብድርም ልጠይቅ ነው። የደሴ መንገድ ላይ ስለሆንን ገበያ አይጠፋም መሰለኝ። የምታውቁ ምን ትላላችሁ?

ሽቦ ነካኪ፦
ወንድሜ ብድሩን ቆይ። 60 ኪሎዋት ማለት እኮ በስሪ ፌዝ (በሶስት መስመር በሚገባ መብራት) በእያንዳንዱ ፌዝ ወደ 90 አምፔር ነው፣ የፔንሲዮን ቆጣሪ ይሄን አይችልም፣ የራስህ ትራንስፎርመር ልትጠየቅ ትችላለህ እሱ ደግሞ ከቻርጀሩ ዋጋ ውጪ ነው። ሌላው ማንም የማይነግርህ ነገር፣ አብዛኛው ፈጣን ቻርጀር ወረቀቱ ላይ እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ይላል፣ ደብረ ብርሃን 2800 ምናምን ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዣው እንደልቡ አይሰራም፣ 60 ብለው የሸጡልህ 60 ላይሰጥህ ይችላል። ከመግዛትህ በፊት ሻጩን በዚህ ከፍታ ስንት ይሰጣል ብለህ በጽሁፍ አስመልሰው፣ ካንገራገረ ተወው።

የደሴ መንገድ፦
እኔ በዚህ መንገድ እመላለሳለሁ እና ቦታው ራሱ አልጣመኝም። ባትሪው ደህና ትልቅ ከሆነ ከአዲስ አበባ ሞልተህ ወጥተህ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ገና ግማሹን አልጨረስክም፣ 130 ኪሎሜትር ምን አላት። ከጣርማበር ዋሻ በኋላ ደሞ ቁልቁል ነው፣ መኪናው ሲወርድ ባትሪውን ራሱ ስለሚሞላ ደብረ ሲናን አልፈህ ሸዋሮቢት እስክትገባ የባትሪው ፐርሰንት እንደውም እየጨመረ ነው የሚሄደው። ጉዱ ስትመለስ ነው!! ከሸዋሮቢት ሙቀት ተነስተህ ጣርማበር ጫፍ ለመውጣት ወደ 2 ሺህ ሜትር ሽቅብ ነው፣ ሁለት ቶን መኪና ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ ሜዳ ላይ ቢሆን 60 ኪሎሜትር የሚያስኬድህ ማለት ነው። ከደሴ ወይ ከከሚሴ የመጣ ሰው ላቡ የሚመጣው እዛ ዳገት ስር ነው። ፈጣን ቻርጀር የሚፈለገው ሸዋሮቢት ነው እንጂ ደብረ ብርሃን አይደለም ባይ ነኝ። ትንሽ ባትሪ ላላቸው ግን ያንተም ቦታ ይጠቅማል፣ እሱን አልክድም።

ቀዝቃዛው፦
መብራቱ ሲኖር አይደል 😂

ሽቦ ነካኪ፦
@ቀዝቃዛው እሱማ ለሁሉም ነው። @ባለግቢው የሚያድር እንግዳ ካለህ ምን ያስቸኩልሃል? ባለ 7 ኪሎዋቱን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አንድ ሁለት ስቀል፣ 32 አምፔር በሲንግል ፌዝ (በአንድ መስመር) ነው፣ መኪናው ማታ 2 ሰዓት ተሰክቶ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ 70 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፣ አብዛኛውን ባትሪ ይሞላል። ሁለቱ አንድ ላይ ከባድ ስለሆነ ቆጣሪህ ስንት አምፔር እንደሆነ መጀመሪያ አሳይ። ሶኬቱ የቀለጠው ደግሞ ሰዓታት ሙሉ በቀጭን ሽቦ ስለተጎተተ ነው። የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፍራም ገመድ ይኑረው፣ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) በደንብ ይቀበር፣ ኤርዝ ከሌለ ብዙው ቻርጀር ቀይ አብርቶ እምቢ ይልሃል አባባም ተበላሸ ብለው ይጣሉሃል።

ባለግቢው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከፍታውን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ፕለጉ የትኛው ይሁን? እንግዶቹ የሚይዙት ቢዋይዲ እና አይዲ ፎር ነው።

የደሴ መንገድ፦
በቀጥታ ከቻይና የመጣው ጂቢቲ (የቻይናው ፕለግ) ነው፣ በአውሮፓ በኩል የመጣ ካለ ታይፕ ቱ (የአውሮፓው)። አንዱን ጂቢቲ አድርገው፣ ሁለተኛውን የሚመጣውን እንግዳ አይተህ ወስን። ሂሳቡን ደሞ ከአልጋው ለይተህ በኪሎዋት ሰዓት አስከፍል፣ ታሪፉ ከ2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፣ በአዳር ጠቅልለህ ከቆረጥክ አባባ ናቸው የሚከፍሉት።

ባለግቢው፦
እሺ፣ ቆጣሪውን ነገ አይቼ እጽፋለሁ። ሸዋሮቢት አስፋልት ዳር ቦታ ያለው ሰው ካለ በውስጥ ያናግረኝ 😁