አቅራቢ ከቀየርኩ በኋላ ሁለት የተለያየ የቆጣሪ ንባብ መጣብኝ፤ እርዱኝ

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ምክር ስጡኝ። የመብራት አቅራቢ ከቀየርኩ 9 ሳምንት ሆኖኛል። በኦፍጌም (የኢነርጂ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ደንብ የመጨረሻው ቢል በ6 ሳምንት ውስጥ መድረስ ነበረበት፤ የደረሰኝ ግን በ8ኛው ነው፣ ያውም በግምት ንባብ። የቀድሞው አቅራቢ በ14,655 ሲዘጋ፣ አዲሱ በላክሁለት ንባብ ከ14,210 ጀምሯል። የሁለቱ መዝጊያና መክፈቻ አንድ ካልሆነ 445 ኪሎዋት ሰዓት ሁለቴ ሊከፈል ነው። በቀየርኩበት ዕለት ያነሳሁት የቆጣሪ ፎቶ አለኝ፤ ቀኑም ይታያል።

ንባቡን እንዲያስተካክል መጀመሪያ የምጠይቀው አዲሱን ነው ወይስ የቀድሞውን? የኢነርጂ እንባ ጠባቂው አቤቱታዬ 8 ሳምንት ሳይሞላው የሚያየው፣ ኩባንያው «ከዚህ በላይ ማድረግ አንችልም» ብሎ በጽሑፍ ከሰጠኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ጠይቃችሁ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? ከባንክ ሂሳቤ በራሱ የሚቆረጠውን ቀጥታ ክፍያስ (ዳይሬክት ዴቢት) እስከዚያ ባንክ ላይ ላቋርጠው?