አቃቂ ወንዝ ድኗል ወይ?

አወያይ፦ ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ዳርቻው አምሯል፤ አቃቂም ዳነ» አለኝ። አልዋጠልኝም። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን ታስቦ 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶለት ነበር። ዳር ሲዋብ ውሃው ዳነ ይባላል? እናንተ በምን ትለኩታላችሁ?

የቀበና ልጅ፦ በአፍንጫ! ድሮ ድልድዩን አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምናልፈው። ዛሬ ዳሩ ላይ ቡና እንጠጣለን። ሁሉን ነገር ማጣጣል ለመደብን እኮ።

የባዮሎጂ መምህር፦ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም የሚባል ብረት አይሸትም፣ ወንድሜ። እኔ ወንዝ ስወርድ መጀመሪያ ድንጋይ እገለብጣለሁ። ላይ፣ እንጦጦ ሥር፣ የሜይፍላይ፣ የአንዲት ትንሽ በራሪ ነፍሳት፣ እጭ አለ። ኦክስጅን ሲያንስ ቶሎ ከሚጠፉት አንዱ ነው። ወደ መሀል ከተማ ስትወርድ የምታገኘው ቀጭን ቀይ ትል ነው። ቅላቱ ኦክስጅን ከሚይዘው ከሄሞግሎቢን ነው፤ በጥቂት ኦክስጅን የሚኖረውም በዚያ ነው። ትሉ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሳምንታት ይመሰክራል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ትል ግን ክሮሙ ስንት እንደሆነ አይነግርህም። ናሙና የግድ ነው። የነሐሴን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ዝናቡ ያቀጥነዋል። የካቲት ላይም ቅዱ።

አትክልት አምራች፦ እናንተ ትል ቁጠሩ። እኔ ጎመኔንና ሰላጣዬን የማጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ሌላ ውሃ ከየት ላምጣ? «ተበክሏል» ባላችሁ ቁጥር ደንበኛ ከእኔ ይሸሻል። የለቀቀውን ማን ጠየቀው?

የባዮሎጂ መምህር፦ እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ግን ጎመኑ ሲቀቀል ጀርሙ ይሞታል እንጂ ክሮሙ የትም አይሄድም። ሰላጣማ ጥሬውን ነው የሚበላው። ስለዚህ ናሙናው ከመናፈሻው ፊት ሳይሆን እርስዎ ከሚጠልፉበት ቦይ ይቀዳ።

የቀበና ልጅ፦ የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያስ? በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ያጣራል ተብሎ አልነበር?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ የሚያጣራው በቱቦ የደረሰለትን ነዋ! ሽንት ቤቱን ወንዝ ላይ የደቀነ ሰው ማጣሪያውን በምን ያውቀዋል? ትልቁም ትንሹም አቃቂ ፍሳሹን ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። እምቦጩ በምን የሚወፍር ይመስልሃል?

አትክልት አምራች፦ እንግዲያው ስትቀዱ እኔንም ጥሩኝ። ግን በጠዋት እንዳትመጡ። ጥቁሩ ውሃ የሚለቀቀው ማታ ነው፤ ቱቦውን አሳያችኋለሁ።