የአጎቴ የካሴት ሣጥኖች፦ ከድሬዳዋ ተነሥቶ የቆየ ሙዚቃና ቪዲዮ ዳግመኛ የሚያሳትም ድርጅት ማቋቋም ይቻላል?

የለገሃር ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አጎቴ ከዚህ ዓለም እስኪለይ ድረስ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ካሴት ቤት ነበረው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲመታ በመኖሪያ ቤቱ ያስቀመጠው ሁሉ በጭቃ ተበልቶ ቀረ፤ በሱቁ የነበረው ግን ተርፎ ዛሬ በእኔ እጅ ይገኛል። 600 ያህል ካሴትና 40 የቪኤችኤስ ቪዲዮ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ ዘፈኖች ተቀላቅለውበታል። አብዛኛው በሙዚቃ ቤቶች የታተመ ሲሆን፣ የቀረውን አጎቴ ራሱ በሠርግና በመድረክ ላይ እየተገኘ የቀዳው ነው።

በውጭ አገር እንዲህ ያለውን የቆየ ሥራ ዳግመኛ በማሳተም ብቻ ያደጉ ትንንሽ ድርጅቶች እንዳሉ እሰማለሁ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። እነዚህ ድርጅቶች ከምን ተነሥተው ነው ያደጉት? እኔስ መጀመሪያ ማሟላት የሚገባኝ ገንዘቡን ነው፣ መሣሪያውን ነው ወይስ ወረቀቱን?

ሳቢያን 04

ወንድሜ፣ ነገሩን ባታወሳስበው ይሻላል። ሁሉንም ገልብጠህ ዩቲዩብ ላይ ጫነው፤ ተመልካች ከመጣ ገንዘቡ ይከተላል። ዛሬ ሲዲ እንኳ የሚገዛ ሰው በሌለበት ዘመን «ድርጅት» የሚለው ነገር አይታየኝም።

የሸዋ በር (ሐረር)

ጠያቂው በመጀመሪያ ጥያቄው ላይ መልስ ስላላገኘ ከእርሱ ልጀምር፤ የሳቢያኑ ወንድማችን ስላነሣው ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ራይኖ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ነው፤ ምክንያቱም እርሱም የተነሣው ልክ እንደ አጎትህ ከሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ሪቻርድ ፉስ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 በሎስ አንጀለስ ሱቁን ከፈተ፤ ሱቁ በ1978 ወደ አሳታሚነት ተሸጋገረ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በመጋዘናቸው የረሷቸውን የቆዩ ሥራዎች በውል እየተከራየ፣ ድምፁን እያጠራ፣ ስለ ሙዚቀኞቹ የሚተርክ ደህና ጽሑፍ እየጨመረ ያሳትም ነበር። ይህን ማድረግ የቻለው ደንበኛው ምን ፈልጎ እንደሚያጣ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ለዓመታት ስለ ሰማ ይመስለኛል። አንተም አጎትህ ዘንድ የሚመጡ ሰዎች «ያ ካሴት ተገኘ ወይ?» እያሉ የሚጠይቁትን ታስታውስ ይሆናል፤ ካስታወስክ ከ600ው ካሴት በፊት እርሱን ጻፈው።

ቪዲዮም እንዳለህ ስለ ጠቀስክ አንድ ነገር ልጨምር። ራይኖ ሞንኪስ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን አልበሞች በመጀመሪያ በኪራይ ውል ሲያሳትም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የሙዚቃውንም የቴሌቪዥን ተከታታዩንም መብት ጠቅልሎ ገዛ፤ በሚቀጥለው ዓመትም 58ቱን ክፍሎች በአንድ ሣጥን በቪኤችኤስ አወጣቸው። ዘፈኑን የወደደው ሰው ምስሉንም ይፈልግ ነበርና ሁለቱ ተደጋገፉ። በሌላ በኩል ትልቁ ኩባንያ ዋርነር በ1992 የራይኖን ግማሽ፣ በ1998 ደግሞ የቀረውን ገዛው። ፉስ ከዚያ ወጥቶ በ2002 ከወንድሙና ከአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ጋር ሻውት ፋክተሪን አቋቋመና ያንኑ ሥራ ከሀ ብሎ ጀመረ። የስም ባለቤትነት ቢሸጥም ሙያውና ትውውቁ ከሰውየው ጋር እንደ ወጣ ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አገራችን ስንመጣ አምሃ እሸቴ አለልን። እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን ደፍሮ ማሳተም ጀመረ፤ በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሰደድ ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም በተከታታይ ያሳተማቸው አልበሞች የቆሙት በአመዛኙ በአምሃ ሥራዎች ላይ ነው። ፋልሴቶ ይህን የቻለው ከአምሃ ጋር ስለ ተስማማ ነው። እንግዲህ የሳቢያኑ ወንድማችን «ገልብጠህ ጫነው» ያለው እዚህ ላይ ይወድቃል፦ የተጫነ ነገር ማንም የሚያወርደው ነው፣ ስምምነት ግን የሌላ ሰው እጅ አይገባም።

ሳቢያን 04

የፋልሴቶን ነገር ተቀብያለሁ። ነገር ግን እርሱ ፓሪስ ላይ አሳታሚ ነበረው፤ ይህ ልጅ ያለው አንድ የካሴት ማጫወቻ ነው። ሁለቱ እንዴት ይነጻጸራሉ?

የሸዋ በር (ሐረር)

እውነት ነው፣ አይነጻጸሩም። ከአንድ ማጫወቻ የተነሣ ግን አለ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንተ እንደምትለው ካሴቶችን በነጻ ያሰማ ነበር፤ አሳታሚ የሆነው በ2011 ነው። በ2013 የኢትዮጵያዊውን ሙዚቀኛ የኃይሉ መርጊያን የ1985 ካሴት ዳግመኛ ሲያወጣ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ይካፈላል። ኃይሉ ከዚያ ወዲህ በዓለም መድረኮች ላይ መጫወቱን ቀጥሏል። ደግሞ ለእኛ ለምሥራቆቹ ደስ የሚለው፣ በ2016 የወጣው ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው የ1978 ካሴት ስሙ «ወደ ሐረር ጉዞ» መሆኑ ነው። እንግዲህ በነጻ ማሰማቱ ጆሮ ሰብስቦለታል፤ ድርጅት ያደረገው ግን ውሉ ነው።

ባለ ጉዳይ (ድሬዳዋ)

ድሬ ላይ «እርስዎ» ብዙ ስለማይለመድ «አንተ» እላለሁ፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ ከሆነ ይቅር በለኝ።

ስለ ወረቀቱ ልናገር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ በአንድ ካሴት ላይ ከአንድ በላይ ባለመብት እንዳለ ነው የሚነግረን። የግጥሙና የዜማው ደራሲ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የድምፃዊውና የአሳታሚው መብት ደግሞ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. የታተመ ካሴት የአሳታሚው መብት 2020 ዓ.ም. ላይ ሲያበቃ፣ ዜማው ግን የደራሲው ልጆች ሀብት ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ካሴቱን መግዛት ዘፈኑን መግዛት አይደለም፤ አጎትህም ቸርቻሪ እንጂ ባለመብት አልነበረም።

ራሱ የቀዳቸው የሠርግ ቅጂዎች ላይ ሁኔታው ይለያል። የቀጂነቱ መብት የእርሱ ሊሆን ይችላል፣ ዘፋኙና ደራሲው ግን አሁንም አሉ። በቪዲዮው ላይ ደግሞ ሙሽሮቹና ዘመዶቻቸው ይታያሉ። ዛሬ አያት የሆነች ሴት የዛሬ 30 ዓመት ስትጨፍር የሚያሳይ ምስል ሳትጠየቅ ገበያ ላይ ቢወጣ በእኛ ከተማ ምን እንደሚባል አንተም ታውቃለህ።

ከባዱ ሥራ ወራሾችን ማግኘት ነው። ለምሳሌ አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ነው የተነሣው፤ ከቡድኑ የወጣው ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አርፏል። የቡድኑን ድምፅ ብታገኝ ሕያዋን አባላትንና የሟቾቹን ቤተሰቦች አንድ በአንድ ማነጋገር ይኖርብሃል ማለት ነው። በውጭ ያሉት ይህን እግር አቅጥን ሥራ ለመሥራት አውሮፕላን ይሳፈራሉ፤ አንተ ባጃጅ ይበቃሃል። ብልጫህ እርሱ ነው።

ቴፕ ጠጋኝ

ሁሉም ስለ ውል ሲያወራ ቴፑ ሙቀት ላይ መሆኑን የረሳችሁት መሰለኝ። የድሬዳዋ ሙቀት ለቴፕ ደግ አይደለም። ሣጥኖቹን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አውጥተህ ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል አስገባቸው፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሣጥን ውስጥ ለዓመታት የተኛ ካሴት መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ተጠንጥኖ ይመለስ እንጂ በቀጥታ አይከፈት። ቴፑን ወደ ሄዱ (ድምፁን ከቴፑ ወደሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) የምትገፋው ትንሿ ስፖንጅ ከወለቀች ወይም የካሴቱ ቅርፊት ከተጣመመ፣ ቴፑን አውጥቶ በብሎን የሚታሰር ሌላ የካሴት ቅርፊት ውስጥ ማዛወር ይቻላል። ሄዱ በአልኮል ይጠረግ። እያንዳንዱ ካሴት ሲጫወት የሄዱ ዘንበል አቀማመጥ በጆሮ ይስተካከል፤ ድምፁ የታፈነ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ቴፑ ተበላሽቶ ሳይሆን የቀዳው ማሽን ሄድ ካንተው ስለሚለይ ነው። ሰዎች ይህን ሳያደርጉ በኮምፒዩተር «ያጠራሉ»፤ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት መስጠት ነው። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ የድምፅ ጥራት፣ ፋይሉን ሳትጨምቅ ቅዳው። የአንድ ሰዓት ካሴት 2 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዝ 600ው ወደ 1.2 ቴራባይት ይሆናል። በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፣ አንዱም ሌላ ሰፈር ይደር። ከደቻቱ በኋላ ይህን ላንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ቪኤችኤሱን ለጊዜው አትንካው። ሻጋታ ያለው ቪዲዮ ማጫወቻውን በክሎ ሌሎቹንም ያበላሻል።

የለገሃር ልጅ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 600ውን በአንድ ጊዜ የማሳተም ሐሳቤን ትቼዋለሁ። አጎቴ በ1980ዎቹ የቀዳው የአንዲት ሐረሪ እናት ዘፈን አለ፤ ልጃቸው ሐረር ጀጎል ውስጥ እንደሚኖሩ ዛሬ ተነግሮኛል። ቅዳሜ ሄጄ ካሴቱን አሰማቸዋለሁ። ከፈቀዱ የመጀመሪያው እርሱ ይሆናል፣ ትርፍ ከተገኘም እኩል እንካፈላለን፤ ካልፈቀዱ ቅጂውን ሰጥቻቸው እመለሳለሁ።

ቴፕ ጠጋኝ

ዋናውን ካሴት ይዘህ አትሂድ። ከድሬ እስከ ሐረር ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ታክሲውም ፀሐይ ላይ ይቆማል። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ታይዋን ገበያ አጠገብ አምጣልኝና ቀድተነው ፍላሹን ይዘህ ትሄዳለህ።