የጎደለ ሒሳብ ከደመወዜ እየተቆረጠ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። ሥርዓት የሚባል ነገር የለም። ፈረቃችን የሚነገረን ማታ በቴሌግራም ነው። ትናንት መደርደሪያው ላይ 310 ብር የተለጠፈበት ሻምፑ ማሽኑ ላይ 365 አለ፤ ሴትየዋ እኔ ላይ ጮኹ፣ እውነታቸውን ነው።

የከፋው ግን አንዱን ካሽ ማሽን ለሦስት መሥራታችን ነው። ማታ ሒሳቡ ከጎደለ ከሦስታችንም ይቆረጣል። በዚህ ወር 1,400 ብር ሄደብኝ። የፈረምኩት ወረቀት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ሕግ፣ የሥራ ደንብ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ መቁረጥ አይቻልም ይላል። አለቆቼ «ደንባችን ነው» ይላሉ፤ ደንቡን አሳዩኝ ስል ዝም።

ልጅ አሳድጋለሁ፣ ሥራውን ማጣት አልችልም። መጀመሪያ በደብዳቤ ልጠይቃቸው ወይስ በቀጥታ ሥራና ክህሎት ቢሮ ልሂድ? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።